«ስትድንልን» እያልን ያሳለፍናቸው ዓመታት፦ አካል ጉዳተኛ ልጅ የምናሳድግ ክርስቲያኖች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወጣት አባት ጠጋ አለኝ። ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ አንገቱ ገና አልጠናም። የልጄን ዊልቸር ስገፋ ስለሚያየኝ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። ስለ ሐኪም የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። «እርስዎ ምን በድለው እንደሆነ ደርሰውበታል? እኔ ባስብ ባስብ ላገኘው አልቻልኩም።»

እዚያው ግቢው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን አወራን። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ጥያቄ ስሰማው ስንተኛዬ እንደሆነ አላውቅም። ለዚያ ነው ይህን የምጽፈው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ራሷን ችላ አትቆምም። የምትናገራቸው ቃላት ከ20 አይበልጡም። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ደግሞ በፊዚዮቴራፒ ወረፋ አብረውኝ በተቀመጡ ወላጆች ላይ አይቻለሁ።

ኃጢአት መቆፈር

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል።

ልጁ እንደሌሎቹ እንዳልሆነ በታወቀ ማግስት ቁፋሮው ይጀመራል። የአባት ወገን ወደ እናት ወገን ይጠቁማል፤ የእናት ወገን ወደ አባት። «አያቱ ደሀ በድለው ነበር» ይባላል። «እርጉዝ ሆና በቀትር ወንዝ ወርዳ ነው የለከፋት» ይባላል። ባልና ሚስት መኝታ ላይ ሆነው የሆድ የሆዳቸውን መነጋገር ያቆማሉ። እያንዳንዱ በልቡ የሌላውን ጥፋት ሲቆጥር ያድራል። ያ ሁሉ ሲሆን ልጁ መካከላቸው ተኝቷል። የሚፈልገው ደግሞ ጎኑን የሚያገላብጥለት ሰው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱም ጠይቀውታል። «መምህር ሆይ፥ ይህ ሰው ዕውር ሆኖ እንዲወለድ ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሰውየው አጠገባቸው ቆሟል፤ ዓይኑ አያይም እንጂ ጆሮው ይሰማል። ጌታ የመለሰላቸው መልስ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ አለ። «የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ ሊገለጥ ነው እንጂ እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም።» ይህን ወንጌል በቤተ ክርስቲያን ቆመን ስንሰማ አድገናል። ታዲያ የራሳችን ልጅ ሲሆን ለምን የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ ይዘን የጌታን መልስ እንጥላለን?

ቁፋሮው ሌላም ጉዳት አለው። እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍናል። ልጃችን ስትወለድ የማስተምረው ገጠር ነበር። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ሐኪም ቤት የደረስነው በጣም ዘግይተን ነው። ስትወለድ አላለቀሰችም። በምጥ ወቅት አየር ያጠረው አንጎል ይጎዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የሌሎች ልጆች ምክንያት ያለ ጊዜያቸው መወለድ፣ ሳይታከም የቆየ የጨቅላ ቢጫነት ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይህን ሐኪም እየነገረኝ እንኳ በወጣትነቴ የሠራሁትን አንድ ጥፋት ነበር የማስበው። ሁለተኛው ልጃችን ሊወለድ ሲል ባለቤቴ ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው ውስጥ ካለው የእናቶች ማቆያ ገባች። ይህን ያደረግነው ኃጢአት መቆፈሩን ስላቆምን ነው።

ያንን የወጣትነት ጥፋት ለንስሐ አባቴ አራት ጊዜ ተናዝዣለሁ። ያውም ያንኑ፣ ምንም ሳልጨምር። በአራተኛው ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝና ጠየቁኝ።

«ትናንት ማታ ልጅቱን ማን አጎረሳት?»

«እናቷ፣ አባቴ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«እናቷ ናት።»

«አንተስ?»

ዝም አልኩ። ራት በሚቀርብበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ቤት አልነበርኩም። ወይ ሠርክ ጸሎት ላይ ነበርኩ፣ ወይ ስለ እሷ ለማልቀስ የሆነ ጥግ ፈልጌ ነበር።

«እንግዲህ ቀኖናህ ይህ ነው» አሉኝ። «40 ቀን ራቷን አንተ ታጎርሳታለህ። ስግደት አልጨምርብህም።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። እስቲ እንዴት እንደሚጎረስ ልንገራችሁ። ወንበሯ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀምጣታለሁ። አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ዝቅ ማለት አለበት። አስተኝቶ ወይም ራሷን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባዋ ይወስደዋል፤ እንዲህ ያለ ልጅ የሳንባ ምች የሚመላለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሽሮ ፍትፍቱ ደህና አድርጎ የላመ ነው። ማንኪያው ትንሽ ነው። ማንኪያው ሲነካት ምላሷ ይገፋዋል። እጠብቃለሁ። ከንፈሯ ይገጥማል። አሁንም እጠብቃለሁ። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ከዚያ ሁለተኛው ማንኪያ ይቀጥላል። አንድ ሰሐን ፍትፍት ወደ 50 ደቂቃ ይፈጃል።

በሦስተኛው ቀን በግራ እጄ ስልኬን እያየሁ ሳጎርሳት ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ። ጀርባዋን እየመታሁ ስሟን ስጠራ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ለካስ ጸሎትም የማደርሰው እንዲሁ ነበር፤ አፌ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጬ መምጣት ጀመርኩ። 40ው ቀን ካለፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ራቷን እስከ ዛሬ የማጎርሳት እኔ ነኝ።

ጸበል ይዞ መድኃኒት መጣል

እኛ የጸበል አገር ሰዎች ነን። እኔም በጸበል አምናለሁ። ልጄንም አስጠምቃለሁ። ግን ይህን ስህተት እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልችልም፤ ልጅ ሲጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ጸበል ቦታ አብራን የሰነበተች እናት ነበረች። የአራት ዓመት ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት። መድኃኒቱን በየቀኑ ትሰጠው ነበር። አንድ ሰው «እምነትሽ ጎዶሎ ነው፣ ጣይው» አላት። ጣለችው። በሦስተኛው ሌሊት ልጁን ያዘው፤ አልለቀውም። በሰው ትከሻ ተሸክመን መኪና መንገድ እስክናደርሰው ነጋ። ልጁ ተረፈ። ቀድሞ ይቀመጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት አይቋረጥም። ፌኖባርቢታልም ይሁን ሌላ፣ በአንድ ጊዜ ሲተው በሽታው በርትቶ ይመጣል፤ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥም ሊያስከትል ይችላል። መቀነስም ማቆምም የሐኪም ሥራ ነው። ልጁን ሲይዘው በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ፊቱ ላይ ውሃ አታፍስሱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

«እምነት ማጉደል አይሆንብንም ወይ?» የምትሉ ካላችሁ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡ። ሐኪምን አክብረው ይላል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ልዩነቱን የፈጠርነው እኛ ነን።

የእኔ ጥፋት ከዚህ ለየት ይላል። መድኃኒት አልጣልኩም፤ ፊዚዮቴራፒውን ግን ጣልኩ። «ስትድንልን ምን ያደርግላታል» ብዬ ሁለት ዓመት ያህል ከጸበል ጸበል ዞርን። ሰከላ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄደናል፤ ያውም ከአንዴም ሁለቴ። በሁለት ዓመቱ ውስጥ ጉልበቶቿ ታጥፈው ደረቁ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ባፍታታቸው እንዲህ ባልሆኑ ነበር። አሁን ለማፍታታት ስሞክር ታለቅሳለች።

ግሽ ዓባይ ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ የሚነገረውን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ወታደሮች ሊወስዷቸው ሲመጡ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላም ወንዙ ሳይረጥቡ መለሰላቸው ይባላል። ያኔ ታሪኩን ስሰማ ልቤ የሄደው ወደ መመለሱ ነበር። «የእኔም ይመለስልኛል» አልኩ። ጻድቁ መጻሕፍቱ ሳይኖሯቸው በቆዩባቸው ዓመታት ጸሎታቸውን እንዳልተዉ ያሰብኩት ቆይቼ ነው። እኔ ጸሎትንም፣ ጾምንም፣ ማኅበርንም፣ ከሚስቴ ጋር መሳቅንም ሳይቀር ልጄ እስክትድን ቀጠሮ ሰጥቻቸው ነበር።

በስለት መዋዋል

ስለት ክፉ አይደለም። ሐናም ተስላ ነው ሳሙኤልን ያገኘችው። ክፉው ነገር እግዚአብሔርን እንደ ገበያ ሰው ማየት ነው፤ ይህን ካደረግህ ይህን እሰጣለሁ፣ ካላደረግህ ግን ጉዳያችን ያበቃል ማለት።

እኔ «በእግሯ ከሄደች ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ስድስት ዓመት ጠበቅሁ። በየዓመቱ ንግሥ ሲመጣ የሌሎችን ጃንጥላ አይቼ እመለሳለሁ። ቅያሜዬ እያደገ መጣ። በሰባተኛው ዓመት ባለቤቴ «እስቲ ዝም ብለን እናስገባው» አለች። ገዝተን አስገባን። ልጃችን አልሄደችም። ጃንጥላው ሲዘረጋ ዘርፉ ከራሷ በላይ ሲወዛወዝ አየችና በሳቅ ተንከተከተች። ያን ቀን ቅያሜዬን እዚያው ትቼ ተመለስኩ ማለት እችላለሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኗል። የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው። መውጊያው ተነሣለት አይልም።

ልጁን ከቤተ ክርስቲያን ማስቀረት

«ትረብሻለች» ይላሉ። ልክ ነው፣ ድምፅ ታወጣለች። ቅዳሴው ላይ «እግዚኦ» ሲባል ከሕዝቡ ቀጥላ «ኦ» ትላለች፤ ዘግይታ፣ ረዘም አድርጋ። አንዳንድ ሰው ይዞራል። አንዴ ከኋላዬ «ለምን ይዘዋት ይመጣሉ?» ሲባል ሰምቻለሁ። ለሁለት ወር ቀረን።

ከዚያም የከፋ ሠርቻለሁ። አንድ ጥምቀት ላይ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ትገፋብናለች ብዬ ከእኅቴ ጋር ቤት ተውናት። እውነቱን ልናገርና አፍሬባት ነበር። ታቦቱ በሰፈራችን በኩል ሲያልፍ እልልታው ቤት ድረስ ይሰማል። እኅቴ ጓዳ ነበረች። ስንመለስ ልጄን በሩ ሥር አገኘናት። ድምፁን ተከትላ ከመደቡ ወርዳ በክርኗ ተንፏቃ ነው የደረሰችው። ክርኗ ተልጦ ነበር። ነጠላዬን አወለቅሁና እዚያው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ልትከፍተው አልቻለችም።

የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሩ ሽባ ነበር። ዳዊት ከቤት ሆኖ ድርጎ ይላክለት አላለም፤ ሁልጊዜ ከንጉሡ ገበታ ይበላ ነበር። ስለዚህ ይዛችኋቸው ውጡ። ቅዳሴው ሲረዝም ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር አሳርፏት፤ ከዚያ ተመለሱ። የመዋጥ ችግር ካለባት ለማቍረብ ስታስቡ ከካህኑ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመድኃኒት ሰዓቷንም ንገሯቸው። እኛ በዚህ ጉዳይ የከለከለን ካህን አልገጠመንም፤ የፈራነው እኛው ነን።

ጥር 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስባረ አጽም ነው። ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው የተሰበረበትን የምናስብበት በዓል ነው። ሥዕላቸውን ታውቁታላችሁ፤ በአንድ እግር ቆመው፣ የተሰበረችው እግር ለብቻዋ ተቀምጣ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ላይ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ሳስቀምጣት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን በግድ ዘርግታ «እግር» አለች። የተሰበረችውን እግር አሳየችኝ። ዞር ብላ የራሷን አሳየችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ያንን ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ ተሳልሜዋለሁ፤ እሷ ያየችውን ግን አላየሁም ነበር።

«መልአክ ናት» ማለት

በፍቅር የሚባል ነው፤ ሰዎቹ ክፋት የለባቸውም። ግን ልጄ መልአክ አይደለችም። እልኸኛ ናት። ታናሽ ወንድሟ እቅፌ ውስጥ ሲገባ ፀጉሩን ትጎትታለች። በልታ ጨርሳ ለአያቷ «አልበላሁም» ብላ በራሷ ነቅንቃ ሁለተኛ ዳቦ የተቀበለችበት ጊዜ አለ። መልአክ ናት ካልን አንገሥጻትም፤ ይቅርታ መጠየቅንም አናስተምራትም። እኛ አሁን ወንድሟን ስትመታ እጁን እንድትስም እናደርጋለን። ማታም «አቡነ ዘበሰማያት» እናስደግማታለን። ከመሃል የምታወጣው ቃል ሁለት ነው፤ «አቡነ» እና «አሜን»። እነዚያን አትስታቸውም።

ሌሎች፣ በአጭሩ

እናትየው ልጅ ተሸክማ እየዋለች ሰኞና ማክሰኞን ሳይቀር ልጹም ስትል ዝም አትበሉ፤ ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክር አድርጉ።

ታናሹን ወይም ታላቁን አትርሱ። ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ላይ «እኔም እግሬን ያመኛል» ብሎ አንድ ሳምንት ተኛ። እግሩ ምንም አልሆነም፤ ለእሱ የቀረ ሰዓት ስላልነበረን ነው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት የእሱ ነው።

የልጁን ሕመም ምክንያት አድርጋችሁ ከጽዋ ማኅበር አትውጡ። ተራችሁ ሲደርስ ድግሱ ቢያንስም ተቀበሉ።

አባቶች፣ ልጁን ለእናቱ ትታችሁ አትሂዱ። ቤት ውስጥ ሆኖም መሄድ አለ፤ እኔ ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ልትጠይቁን ስትመጡ

ይህ ለወላጆች ሳይሆን ለጎረቤትና ለዘመድ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ ጎበዞች ነበሩ። የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ወደ እኛ ቤት የሚመጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ ጀምሮ ይናገራል። «እግዜር ለሚችለው ነው የሚሰጠው» ይላል። «እሱ ያውቃል» ይላል። «እገሌ የተባለ ጸበል አልሞከራችሁም?» ይላል። ቡናው ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ባለቤቴ በትሕትና «አሜን» ስትል ትቆያለች። እንግዳው ሲወጣ ከመጀመሪያው የበለጠ ደክሟት ነው።

ጎረቤታችን አንዲት መነኩሴ ነበሩ። ልጃችን በሦስት ዓመቷ ሌሊት ሌሊት የማትተኛበት ጊዜ ነበር፤ ባለቤቴ ከወር በላይ ደህና እንቅልፍ አላገኘችም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጡ። «እማሆይ፣ ይግቡ፣ ቡና ላፍላ» አለቻቸው። «ተይው የኔ ልጅ» አሉና ልጅቱን ከእጇ ተቀበሏት። አንድም ጥቅስ አልጠቀሱም። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ራሷን ክንዳቸው ላይ አደረጉላት። በሌላው እጃቸው መቁጠሪያቸውን ያዙ። ልጄ የመቁጠሪያውን ጫፍ ጨብጣ ታየው ጀመር።

ባለቤቴ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች።